የእጅ ፍሬንና ትንሿ ቀይ መብራት

ልጆች ሆይ፤ ግመል ነጂ ከዞብል ተራራ ወገን መጥቶ በቆቦ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋልን? አስቀድሞ ግመሉን ያንበረክካል፤ ቀጥሎም ጉልበቱን በገመድ ያስራል፤ ከዚያ በኋላ ጭነቱን ያወርዳል። ግመሉ ገራም ነው፤ ጌታውንም ያውቃል። ነገር ግን ጌታው «ገራም ነውና አይሄድም» ብሎ ሳያስረው አይርቅም። በቅሎም ወደ ግጦሽ ስትለቀቅ ትቀየዳለች። ይህ ሁሉ እንስሳውን ከመጥላት የመጣ አይደለም፤ ከጥንቃቄ የመጣ ነው እንጂ።

መኪናም እንደ ግመሉ ማሰሪያ አለው፤ ስሙም የእጅ ፍሬን ይባላል። ደግሞም ነጂውን የምታስጠነቅቅ ትንሽ ቀይ መብራት አለችው። ዛሬ የምንማረው ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ፣ ይልቁንም በአሮጌ መኪናዎች ውስጥ ስላለው አሠራራቸው ነው።

፩. ስለ ሜዳና ስለ ዳገት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በወልድያ፣ በቆቦ፣ በአላማጣ፣ በኮረምና በማይጨው አልፎ ወደ መቀሌ የሚሄደውን ትልቅ መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህ መንገድ ለመኪና እንዲመች ሆኖ በሰፊው የተሠራው ኢጣሊያ አገራችንን ወርራ በነበረችበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ ታድሷል።

ቆቦ በራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ነው። ኮረም ግን በተራራው ላይ፣ በ2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ተቀምጣለች። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድ የግራካሱ ዳገት ይባላል፤ እንደ እባብም እየተጠማዘዘ ይወጣል። እንግዲህ በሃያ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ መኪና አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይወጣል፤ ሲመለስም ያንኑ ያህል ይወርዳል ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ነገር አስተውሉ። የእጅ ፍሬኑ የተበላሸበት መኪና በቆቦ ሜዳ ላይ ሲቆም ምንም ላይሆን ይችላል፤ ነጂውም «መኪናዬ ደኅና ነው» ይላል። ያው መኪና ግራካሱ ላይ ሲቆም ግን ጉድለቱ ወዲያውኑ ይታያል። ሜዳ ጉድለትን ይሸፍናል፤ ዳገት ይገልጠዋል።

ደግሞም ሜዳ የሚመስለው ሁሉ ሜዳ አይደለም። ዝናም በዘነበ ጊዜ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ተመልከቱ። ዓይን «ይህ ቦታ ትክክል ነው» ያለውን ውሃው «አይደለም፣ ወደዚህ ያዘነብላል» ብሎ ያሳያችኋል። ውሃው ወደሚፈስበት ወገን መኪናም ይንከባለላል። በመጀመሪያ የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው፤ ሰውም አያስተውለውም። ቀጥሎ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በእጅ ገፍቶ የሚያቆመው የለም። አባቶቻችን ጎርፍ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ስለዚህ ላለውም ነገር ይሠራል።

፪. ስለ አሮጌ መኪናዎች

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያዎቹም አንዱን ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ አመጣው። ከዚያም በኋላ ዓመት በዓመት ልዩ ልዩ መኪናዎች መጡ። ከእነርሱም መካከል ጀርባው እንደ ጥንዚዛ የጎበጠው ቮልስዋገን፣ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው ላንድሮቨር፣ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው ፔጆ 404፣ ደግሞም የኢጣሊያ ሥራ የሆኑት ፊያቶች ይገኛሉ። የቮልስዋገን ጥንዚዛ ሥራ በዓለም ላይ ያበቃው በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ነው፤ ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ዛሬም ሲሄድ ይታያል።

በአዳዲስ መኪናዎች ውስጥ ብዙ መብራቶችና ድምፆች ነጂውን ይጠብቁታል። በአሮጌዎቹ ውስጥ ግን መብራቶቹ ጥቂቶች ናቸው፤ በአንዳንዶቹም የእጅ ፍሬን መብራት ከቶ የለም። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ነጂ ዓይኑን፣ ጆሮውንና አፍንጫውን ሊያነቃ ይገባዋል።

፫. የእጅ ፍሬን እንዴት እንደሚሠራ

መኪና ሁለት ፍሬን አለው። አንደኛው የእግር ፍሬን ነው። ነጂው በእግሩ በረገጠው ጊዜ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቧንቧ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል፤ በዚያም የፍሬኑን ሸራ ከሚዞረው ብረት ጋር ያጣብቀዋል። በመፋተጉም ምክንያት መኪናው ይቆማል።

ሁለተኛው የእጅ ፍሬን ነው። ይህኛው ዘይት አይፈልግም። ነጂው ዘንጉን ወደ ላይ በሳበው ጊዜ ከዘንጉ ጋር የታሰረው የብረት ገመድ ይወጠራል፤ ገመዱም በኋላ ጎማዎች ውስጥ ያለውን ሸራ ገፍቶ ታምቡር ከሚባለው ክብ ብረት ጋር ያጣብቀዋል። ዘንጉ ተመልሶ እንዳይወርድ ከሥሩ እንደ መጋዝ ያሉ ጥርሶች ይዘው ያቆሙታል። በቮልስዋገን ዘንጉ ከፊተኞቹ ሁለት መቀመጫዎች መካከል ነው፤ ከእርሱም ሁለት ገመዶች ወደ ኋላ ሁለት ጎማዎች ይሄዳሉ።

ሁለቱ ፍሬኖች በልዩ ልዩ መንገድ እንዲሠሩ የተደረጉበት ምክንያት አለ። የአንደኛው ዘይት ቢፈስ የሁለተኛው ገመድ ይቀራል። ነገር ግን ጠንቅቃችሁ ዕወቁ፤ የእጅ ፍሬን የተሠራው የቆመውን እንዳይሄድ ለመያዝ ነው እንጂ የሚሮጠውን ለማቆም አይደለም። በሚሮጥ መኪና ላይ በድንገት ቢሳብ የኋላ ጎማዎች ተጣብቀው መኪናው ሊሽከረከር ይችላል። በጭንቅ ጊዜ የሚረዳው ቀስ በቀስ ለሚስበው ሰው ብቻ ነው።

ስለ ላንድሮቨር ልዩ የሆነ ነገር አለ። በአሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከማርሽ ሳጥኑ በስተኋላ ወደ ጎማዎቹ የሚሄደውን የሚዞር ዘንግ ነው። ስለዚህ አንደኛው የኋላ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ ከምድር ቢለቅቅ፣ ያ ጎማ በአየር ላይ ሲዞር ሌላው ሊንከባለል ይችላል፤ መኪናውም ከክሪኩ ላይ ይወድቃል። ይህን የማያውቅ ሰው የእጅ ፍሬኑን ስቦ ከመኪናው ሥር ይገባና በሕይወቱ ይፈርዳል። ስለዚህ ጎማ ሳይነሣ በፊት በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ታኮ ይገባል። ታኮ ማለት ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚደረግ ድንጋይ ወይም እንጨት ነው።

፬. መኪናን በዳገት ላይ ስለ ማቆም

ጠንቃቃ ነጂ መኪናውን በዳገት ላይ ሲያቆም በተራ የሚያደርገው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ በእግር ፍሬኑ መኪናውን ፈጽሞ ያቆማል።

ሁለተኛ፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ይስባል። ከዚያም እግሩን ከፍሬኑ ላይ ቀስ አድርጎ እያነሣ ይመለከታል። መኪናው ካልተነቃነቀ ይዟል፤ ከተነቃነቀ አልያዘም።

ሦስተኛ፣ የፊት ጎማዎቹን ከገደሉ ወገን መልሶ፣ ቢንከባለል ወደ ተራራው ወይም ወደ መንገዱ ጠርዝ እንዲሄድ አድርጎ ያዞራቸዋል።

አራተኛ፣ ሞተሩን ያጠፋል፤ ማርሽም ያስገባል። የመኪናው ፊት ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ ያስገባል።

አምስተኛ፣ ረዳቱ ታኮ ያደርጋል።

ስድስተኛ፣ ለመሄድ ሲነሡ ረዳቱ ታኮውን ያነሣል፤ ድንጋይም ከሆነ ከመንገዱ አውጥቶ ይጥለዋል። ይህን ስድስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። ለአንዱ ካሚዮን መዳኛ የሆነው ድንጋይ በመንገድ መካከል ከቀረ፣ ሌሊት ለሚመጣው ለሌላው መሞቻ ይሆናል። ራሱን ካዳነ በኋላ ለወንድሙ ወጥመድ ትቶ የሚሄድ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

የእጅ ፍሬንም እንደ ማንኛውም ዕቃ ያረጃል። ዘንጉ ሲሳብ ጥርሶቹ ቀር፣ ቀር፣ ቀር እያሉ ይጮኻሉ። ብልህ ረዳት ይህን ድምፅ ይቈጥራል። ቀድሞ በአምስት ጥርስ ይይዝ የነበረው ዛሬ በዘጠኝ ጥርስ የሚይዝ ከሆነ፣ ገመዱ ረግቧል ወይም ሸራው አልቋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ ጋራዥ መሄድ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

፭. ስለ ማስጠንቀቂያ መብራቶች

ከመሪው ፊት ለፊት ያለው፣ የመኪና ሠራተኞች ክሩስኮት የሚሉት ሰሌዳ ትንንሽ መብራቶች አሉት። እነዚህ መብራቶች መንገድ አያበሩም፤ የሚያበሩት የነጂውን ልብ ነው። አንዱ የሞተር ዘይት ግፊት ሲወርድ ይበራል፤ አንዱ ዲናሞው ለባትሪው ኃይል መስጠት ሲያቆም ይበራል፤ አንዱ ደግሞ ስለ ፍሬን ይናገራል።

ቀለማቸውን ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። በቀድሞዎቹ ቮልስዋገኖች የሞተር ዘይቱ መብራት አረንጓዴ ነው፤ የዲናሞው ግን ቀይ ነው። አረንጓዴ ማለት ሁልጊዜ «ሂድ» ማለት የሚመስለው ሰው በዚህ ይሳሳታል። በነዚሁ መኪናዎች ቀዩ የዲናሞ መብራት ሲበራም ብዙ ሰው «ባትሪ ነው፤ እስከ ቤት ያደርሰኛል» ብሎ ይነዳል። ነገር ግን ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሞተሩን በነፋስ የሚያቀዘቅዘውንም ማራገቢያ ያዞራል። የቮልስዋገን ጥንዚዛ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ስለዚህ ቺንጋው ተበጥሶ እንደ ሆነ ሞተሩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። መብራቷ የተናገረችው ስለ ባትሪ ብቻ አልነበረም። ትርጉሙን የሚያውቅ ግን ወዲያው ቆሞ ይመለከታል።

አሁን ወደ ቀይዋ የፍሬን መብራት እንመለስ። በአሜሪካ አገር ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠሩ አዳዲስ የቤት መኪናዎች የእግር ፍሬኑ ዘይት በሁለት የተለያየ መንገድ እንዲሄድ፣ አንደኛውም ቢበላሽ ለነጂው የምትነግር መብራት እንድትኖር በሕግ ታዘዘ። በብዙ መኪናዎችም ያችው መብራት ሁለት ሥራ ትሠራለች። የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ ትበራለች፤ ይኸውም ነጂው ረስቶ እንዳይነሣ ነው። የፍሬን ዘይት ሲጎድል ወይም ሲፈስም ትበራለች። እንግዲህ ዘንጉ ፈጽሞ ከወረደ በኋላ መብራቷ ካልጠፋች ሁለተኛውን ነገር ትናገራለችና መኪናው ሳይታይ መንቀሳቀስ የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት፣ የዘይቱና የዲናሞው መብራቶች መብራት አለባቸው። የፍሬኗም መብራት የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ መብራት አለባት። በዚያን ጊዜ ያልበራ መብራት የደኅንነት ምልክት አይደለም፤ አምፑሉ ተቃጥሎ ይሆናል። ዝም ያለ ጠባቂ ሁሉ ነቅቶ የሚጠብቅ አይደለም፤ የተኛም ዝም ይላል።

የእጅ ፍሬን መብራት በሌለው አሮጌ መኪና ግን ነጂው ራሱ መብራት ይሁን። ከመነሣቱ በፊት እጁን በዘንጉ ላይ አሳርፎ መውረዱን ይወቅ። ዘንጉ ሳይወርድ ቢነዳ ሸራው ይግላል፤ የቃጠሎ ሽታም ይሸታል፤ መኪናውም እንደ ደከመ በሬ ይጎተታል።

፮. አምፑሉን የነቀለው ነጂ

ይህ ለትምህርት እንዲሆን የተነገረ ምሳሌ ነው።

አንድ ነጂ አሮጌ መኪና ነበረው። ከቆቦ ወደ ኮረም፣ ከኮረምም ወደ ቆቦ ሰውና ዕቃ ያመላልስበት ነበር። አንድ ልጅም ረዳት ሆኖ ያገለግለው ነበር። ልጁ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ ታኮ ያደርግ ነበር፤ ሲነሡም ድንጋዩን ከመንገድ ያነሣ ነበር። በሜዳም በዳገትም ይህን አይተውም። ነጂውም ይስቅበት ነበር።

አንድ ቀን የእጅ ፍሬኑ ወርዶ ሳለ ቀይዋ መብራት በራች፤ ጥቂት ቆይታም ጠፋች።

ልጁም፣ «ጋሼ፣ ቀይዋ በራች» አለው።

ነጂውም፣ «አያሳስብህ፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨን ነው» አለ።

በማግሥቱ ደግሞ በራች። በመታጠፊያ ላይ ትበራለች፤ በቀናው መንገድ ላይ ትጠፋለች። ልጁም እንደ ፊተኛው ተናገረ። ነጂው ተቈጣና፣ «አንተ ልጅ፣ አንተ አንድ ጊዜ፣ እርሷ አንድ ጊዜ፣ አሰለቻችሁኝ!» አለ። መኪናውንም አቁሞ በክሩስኮቱ ሥር እጁን አስገባ፤ አምፑሉንም ነቅሎ በኪሱ ከተተው። «አሁን ሰላም ሆነ» አለ።

እውነት ነው፤ ለሦስት ሳምንት ሰላም ሆነ። ነገር ግን በዚያ ሦስት ሳምንት የፍሬን ዘይት ከአንዱ የኋላ ጎማ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይፈስ ነበር። መብራቷ በመታጠፊያ ላይ ትበራ የነበረው የጎደለው ዘይት በዕቃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚዋልል ነበር። አሁን የሚናገር አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከኮረም ሰው ጭኖ በግራካሱ ይወርድ ነበር። በአንድ መታጠፊያ ላይ ፍሬኑን ቢረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ደግሞ ረገጠ፤ ምንም አልያዘም። ከፊቱ አንዲት አሮጊት ማሽላ የጫነች አህያ እየነዱ ይወጡ ነበር፤ አንዲት ትንሽ ልጅም ከአህያይቱ ፊት ፊት ትሄድ ነበር።

ነጂው ማርሹን ወደ ታች አወረደ፤ በአንድ እጁም የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ መሳብ ጀመረ። ልጁ በመስኮት ብቅ ብሎ «ከመንገድ ውጡ! ከመንገድ ውጡ!» እያለ ጮኸ። ነጂውም መሪውን ወደ ተራራው ወገን አዞረ። የመኪናው ጎን ከዓለቱ ጋር እየተፋተገ፣ የእጅ ፍሬኑም እየያዘ ሄዶ ቆመ። ትንሿ ልጅ ወደ ቦይ ዘላ ዳነች፤ አሮጊቲቱም ዳኑ። አህያይቱን ግን የመኪናው ፊት መታት፤ እግሯም ተሰበረ። ማሽላውም በመንገድ ላይ ፈሰሰ።

ሰው ሁሉ እየጮኸ ሲወርድ ረዳቱ ልጅ ሮጦ በጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ።

ነጂው ወደ አሮጊቲቱ ቀርቦ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ከተሳፋሪዎቹም አንዱ፣ «አብሽር፤ የመኪና ነገር ነው፤ ፍሬን እንቢ ሲል ሰው ምን ያደርጋል?» አለው።

ነጂውም እጁን ወደ ኪሱ ከተተና አምፑሉን አወጣ። «እናቴ፣ አህያዎን የሰበረው ፍሬን አይደለም፤ ይህን የነቀለው እጄ ነው። መብራቷ ነግራኝ ነበር፤ ይህም ልጅ ነግሮኝ ነበር» አላቸው።

አሮጊቲቱ የልጅ ልጃቸውን ራስ በእጃቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም፣ «ልጄ፣ አህያ በገንዘብ ይገዛል። ይህችን ብትወስድብኝ ግን በምን ትከፍለኝ ነበር?» አሉት።

እርሱም መልስ አላገኘም። የአህያይቱንና የማሽላውን ዋጋ ከፈለ። ፍሬኑንም አሠራ። አምፑሉንም ወደ ስፍራው መለሰ። ከዚያም ወዲህ ልጁ «ጋሼ» ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ገና ቃሉን ሳይጨርስ፣ ነጂው መኪናውን አቁሞ ይሰማው ነበር።

፯. ከዚህ የምንማረው

ነጂው ፍሬን ስለ ተበላሸበት አልተወቀሰም፤ ዕቃ ሁሉ ይበላሻልና። የተወቀሰው የሚነግረውን ዝም ስላሰኘ ነው። ጉድለቱን ማስወገድ ሲገባው ምልክቱን አስወገደ። መብራቷ ስትጠፋ ጉድለቱ የጠፋ መሰለው።

እኛም ብዙ ጊዜ እንዲሁ እናደርጋለን። እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ ኅሊናን አኑሯል። ልጅ የመጀመሪያውን ውሸት ሲዋሽ ፊቱ ይቀላል፤ ልቡም ይመታል፤ ያች ቀይዋ መብራት ናት። በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ትደክማለች። በዐሥረኛው ጊዜ አትበራም። በዚያን ጊዜ «አሁንስ ለመድሁት፣ ምንም አይለኝም» የሚል ልጅ አምፑሉን በኪሱ ይዞ በቁልቁለት የሚወርድ ነጂ ነው። መምህር ሲገሥጸው የሚሸሽ፣ እናቱ ስትመክረው ጆሮውን የሚደፍን፣ ጓደኛው እውነቱን ቢነግረው የሚጣላ እርሱም እንደዚሁ ነው።

ደግሞም መብራት ብቻዋን መኪና አታቆምም። መብራት ትናገራለች፤ የሚይዘው እጅ ነው። ምክርን ሰምቶ የማይሠራ፣ መብራቷን እያየ እጁን ወደ ፍሬኑ የማይዘረጋ ሰው ነው። ያ ረዳት ልጅ በየቀኑ ድንጋይ ማድረጉ ሰዎችን ያስቅ ነበር። በአደጋው ቀን ግን ሁሉ ሲደነግጥ እጁ ማድረግ የሚገባውን ያውቅ ነበር፤ በሜዳ የለመደውን በዳገት ላይ አደረገው።

እናንተም ገና መኪና ባትነዱ፣ ዛሬ ልታደርጉት የሚገባ አለ። በቆመ መኪና ውስጥ ገብታችሁ አትጫወቱ፤ የእጅ ፍሬኑን ዘንግም አትንኩ። በዳገት ላይ ከቆመ መኪና በፊቱም በኋላውም አትቀመጡ። ከጎማ ሥር ያለውን ድንጋይ ለጨዋታ ብላችሁ አታንሡ። ካሚዮን ሄዶ በመንገድ መካከል ድንጋይ ትቶ ብታገኙ ግን፣ አስቀድማችሁ ወዲያና ወዲህ ተመልከቱ፤ መኪና አለመምጣቱን ዕወቁ፤ ወይም ትልቅ ሰው ጥሩ፤ ከዚያም ድንጋዩን ወደ ዳር አውጡት። ማንም አያመሰግናችሁም፤ የሚያልፈውም ሰው ከምን እንደ ዳነ አያውቅም። ሆኖም በዚያች ሌሊት አንድ አባት ወደ ልጆቹ በደኅና ይደርሳል።

ጥያቄ

፩. ግመል ነጂ ገራም ግመሉን ስለ ምን ያስራል?

፪. የእግር ፍሬንና የእጅ ፍሬን አሠራር ልዩነቱ ምንድር ነው?

፫. በአሮጌ ላንድሮቨር ጎማ ሲነሣ ታኮ የሚያስፈልገው ስለ ምንድር ነው?

፬. ቁልፉ ሲዞር መብራት ሳይበራ ቢቀር ምን ያመለክታል?

፭. ነጂው አምፑሉን ከመንቀል ይልቅ ምን ማድረግ ይገባው ነበር?

፮. አንተን የሚያስጠነቅቁህ እነማን ናቸው? ባለፈው ሳምንት የነገሩህንና አንተ ያልሰማኸውን አንድ ነገር አስበህ ጻፍ።